ገጽ አርባ አንድ ላይ የሞተችው አማት

እኛ የምንሠራበት ክፍል ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ የሚለየው በአንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። ከወዲያ የተሰፋው ጋዋን በትልልቅ ቅርጫት ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ቁልፍ እንተክላለን፣ የተንጠለጠለ ክር እንቆርጣለን፣ የእጅጌውን ጠርዝ በእጅ እንቀመቅማለን፣ ተኩሰን አጥፈን እንደረድራለን። ስምንት ሴቶች ነን። ሥራው ዓይንና እጅ ይፈልጋል፤ ጆሮን ግን ሥራ ፈት ያደርገዋል። ሥራ የፈታ ጆሮ ደግሞ ሐሜት ሲለቅም ይውላል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚሁ ሐሜት የተነሳ ሁለት ሴቶች በመቀስ ሊወጋጉ ደረሱ። እትዬ መነጽር ያኔ እንደማናችንም ቁልፍ ትተክል ነበር። ከወንበሯ ሳትነሳ ከቦርሳዋ አንድ የተጎሳቆለ ልብ ወለድ አወጣችና፣ "በምናውቀው ሰው ከምንባላ በማናውቀው ሰው እንባላ" ብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። በማግስቱ ማንም ሳይጠይቃት ቀጠለች። በሳምንቱ ልማድ ሆነ፣ በወሩ ሕግ ሆነ፤ እሷ ታነባለች፣ የእሷን ሥራ ሰባታችን እንከፋፈላለን። እያንዳንዳችን በቀን ሦስት ጋዋን እንጨምራለን ማለት ነው። ፊት ለፊት "አለቃ"፣ ዞር ሲል ግን "ሜትር" የምንለው ኃላፊያችን እንኳ "ጠብ ከሚኖር ተረት ይኑር" ብሎ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀመጠላት። ሜትር ያልነው መለኪያውን ከአንገቱ አውልቆ ስለማያውቅ ነው። ሚስቱ ስትፈልገው በእሱ ነው የምትስበው ይባላል።

እትዬ መነጽር ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ይህ በእኛ ክፍል ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። እኔ ከአምስተኛ ወጥቼ ታናናሾቼን አሳደግሁ፤ ሌሎቹም ከዚያ ብዙ አልራቁም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጃቸው አራት ዓመት ሲሆናት ከመንገድ ሳይመለስ ቀረ። ልጅቱን በመርፌ አሳደገቻት። ዛሬ ነርስ ናት፣ ሩቅ ከተማ ትሠራለች። ስለዚያ ዘመን የሚጠይቃት ሲመጣ "ያለፈው ነገር ቁልፉ ተተክሎ አልቋል" ብላ ትዘጋዋለች። የመነጽሯ አንዱ እግር ተሰብሮ በነጭ ክር ታስሯል። ስሟም ከዚያ መጣ።

አነባበቧን በጽሑፍ ማሳየት አልችልም። ሽማግሌ ሲናገር አገጯ ይረዝማል፤ ሀብታም ሲናገር ሆዷ የሚነፋ ይመስላል። የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿን የለቅሶ አታደርገውም፤ ዝቅ ታደርገዋለች፤ የምናለቅሰው እኛ ነን።

መጽሐፎቹን የምታመጣው ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው፤ የጨረሰችውን ትሰጠዋለች፣ ሌላ ይቀይርላታል። ባለፈው ዓመት ያመጣችው ስለ አንድ የወፍጮ ቤት ቤተሰብ ነበር። ባል አለ፣ ሚስት አለች፣ የባልየው እናት አለች። ባልየውን ረሳነው፤ ሚስቲቱንም ረሳናት። አማቲቱ ግን በክፍላችን ዘጠነኛ ሰው ሆነች። የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ሻሿ ውስጥ ትደብቃለች። ሐኪሙ "ጨው ቀንሺ" ሲላት "አንተ መጀመሪያ ወሬ ቀንስ" ትለዋለች። ልትሞት ነው ተብሎ ዘመድ ሲሰበሰብ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ "ለመሞት ጊዜ የለኝም፤ ምራቴ ገና ሽንኩርት መክተፍ አልተማረችም" አለች። ያን ቀን ተኳሻችን እየሳቀች አንድ ኮሌታ አሳረረች።

ተኳሻችንን "ካውያ" ነው የምንላት። ባሏ ወገቡን ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ ዓመት አልፎታል። ሥራ ውላ ስትገባ አማቲቱ ያለችውን አንድ በአንድ ትነግረዋለች። "እናቱን ነው የምትመስለው፤ ከእናቱ ቀብር ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም" ትለን ነበር።

ታሪኩ አማቲቱ ሠርግ ላይ ስትጨፍር አለቀ። እኔን ግን አንድ ነገር ቆጨኝ። ጥርሴን ታምሜ ሦስት ቀን ቀርቼ ነበር፤ በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ አማቲቱ ሐኪሙን ከጎረቤቷ ጋር አጋብታዋለች አሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ መጽሐፍ ሻጩ ጋ ጎራ አልኩ። እትዬ የመለሰችው መጽሐፍ ክምሩ አናት ላይ ተቀምጧል። ወሰድኩት።

እሁድ ልብስ አጥቤ ካሰጣሁ በኋላ በራፍ ላይ ተቀመጥኩና በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ማን ያሯሩጠኛል። ገጽ አርባ አንድ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ "በዚያው ክረምት የባልየው እናት በሳንባ ምች አረፉ።"

ሌላ ምንም የለም። ነጥብ።

መጽሐፉ ከሦስት መቶ ገጽ በላይ ነው። የተቀደደ ገጽ ይኖራል ብዬ ቁጥሮቹን ተከተልኩ፤ ሙሉ ነው። ምናልባት ትነሳ ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ አራት እሁድ ፈጀብኝ። አልተነሳችም። የተዳረ ሐኪም ቀርቶ ሐኪም የሚባል ሰው የለም። ሠርግም የለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ባልና ሚስት ዝናብ እያዩ ቁጭ ብለዋል።

ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። እትዬ የራሷን ልብስ ለመጣፍ መርፌ ላይ ክር ማሾለክ ሲኖርባት "ዝምታ፣ እባክሽ" ብላ መርፌውን ለእኔ መስጠት ከጀመረች ቆይታለች። ዝምታ የሚሉኝ እኔን ነው። ስታነብ ደግሞ ዓይኗ ከመጽሐፉ በላይ ወደ መስኮቱ ነበር። ገጽ ትገልጣለች፣ ግን አታይም።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። በእኛ መሥሪያ ቤት ዓይኗ የደከመ ሴት ምን እንደሚገጥማት አውቃለሁ። ካቻምና እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረ አንዲት ጓደኛችንን "ደህና ሁኚ፣ ደህና ሠርተሻል" ብለው በሦስት ቀን ውስጥ ሸኝተዋታል። እትዬ መነጽር ያቺ ወንበር ከሌለቻት እዚህ ቤት ሥራ የላትም። ይህን ለመረዳት ስምንተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም።

ሌሎቹ ግን አላርፍ አሉ። መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል እንዳለው ሰምተዋል። ሻጩ ጋ የለም። እትዬ "ይቅርባችሁ" ብትልም ማን ይሰማታል። በመጨረሻ ልጇ ለእረፍት ስትመጣ አንድ ታብሌት ይዛላት መጣች፤ ሁለተኛውን ክፍል በኤሌክትሮኒክ ገዝታ ጭናበታለች። ፊደሉ በሁለት ጣት ሲለጠጥ ባቄላ ያህላል።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። እትዬ ታብሌቱን አበራችው፣ ለጠጠችው፣ ከዚያ ሳታነብ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አሳለፈች።

"ምነው እትዬ፣ ተበላሸ?" አለቻት ከሁላችንም የምታንሰው፣ ትንሿ የምንላት።

"የለም" አለች። "ፊደሉ... ፊደሉ ያምራል።"

ለምን እንዲህ እንዳለች የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ጀመረች። እንደ ልማዷ ጣቷን በምላሷ አርሳ ገጽ ስትገልጥ ሃያ ገጽ ዘለለባት፤ መስታወቱ በምራቅ ተጨማለቀ፤ ትንሿ በጋዋን ጠርዝ ወለወለችላት። ተሳሳቅን። ከዚያ ቀጥ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትስት፣ ዓይኗን ከፊደሉ ሳትነቅል አነበበች። ዓይኗ ፊደል ተርቦ ስለከረመ ከሐሳቧ እየቀደመ ይሮጥ ነበር። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ እየሮጠች፣ "ሟች አማቷ ትተውት የሄዱት ትልቁ ቁም ሣጥን" ብላ አነበበችና ቆመች።

"ማናት ሟች?" አለች ካውያ፣ ካውያውን አየር ላይ እንደያዘች።

"አማቷ... ይላል።"

"የትኛዋ አማት?"

"ስንት አማት አላት?" አለች ጠበቃ። ክር ቆራጫችን ናት፤ ምላሷ ጤፍ ይቆላል፣ ያልተከራከረችበት ነገር የለም። "ሠርግ ላይ ስትጨፍር አይደል የተውናት? ጉልበቷ እንኳ ደህና ነበር!"

"ምናልባት በመሃል ሞታ ይሆናል" አለች እትዬ፤ ፊቷ የታጠበ ጨርቅ መስሏል።

"በመሃል? በሁለት መጽሐፍ መሃል ሰው ይሞታል? ቀባሪ በሌለበት?" አለች ካውያ።

"ጥፋቱ የእሷ አይደለም" አለች ጠበቃ እጇን አንስታ። "ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲያደርጉት ያሳጥሩታል። ወረቀት ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ ያለች ሴት እንዲህ በቀላሉ አትሞትም።"

"እንዴ፣ አንዱ ታብሌት ውስጥ እኮ ሺህ መጽሐፍ ይገባል" አለች ትንሿ።

"ሺህ መጽሐፍ ችሎ አንዲት አሮጊት ካቃተው ምን ይሠራል?" አለቻት ጠበቃ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ተከራከሩ። አንዷ ወረቀት ቢወድቅ አይሰበርም አለች። ሌላዋ ታብሌት ቢሰነብትም አይጥ አይበላውም አለች። ትንሿ "አውቶቡስ ላይ ቆሜ በአንድ እጄ አነባለሁ" ስትል፣ ጠበቃ "ቆመሽ የሚነበብ ነገር ማስታወቂያ ነው" ብላ መለሰች። ካውያ ግን አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር፦ "በወረቀቱ ጊዜ ድምጿ እንኳ ሌላ ነበር። ይሄ ነገር ጣዕሙን ይመጠዋል።" ሁሉም በዚህ ተስማሙ። ወረቀት ይጣፍጣል፣ ኤሌክትሮኒክ አይጣፍጥም። የትኛውን እንደምመርጥ እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን አውቃለሁና ባይጠይቁኝ መረጥኩ።

ጣዕሙ ሲጠፋ ሐሜቱ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ተኮራረፍን። የታጠፈው ጋዋን አነሰ። ሜትር ረቡዕ ዕለት በር ላይ ቆመና፣ "ንባቡ ከሰለቻችሁ ይቅር። እትዬም ወደ ቁልፏ ትመለሳለች። አርብ እወስናለሁ" አለ።

እትዬ አንገቷን ደፋች። ወደ ቁልፏ ትመለስ ማለት ትሂድ ማለት እንደሆነ ከእኔና ከእሷ በቀር ያወቀ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ጠበቃ እየሳቀች ገባች። "መጽሐፍ ሻጩ ጋ ሄጄ ነበር። መጽሐፉን ማን ወስዶታል አሉ? ዝምታ! ነገ ይዘሽው ነይ፣ እህቴ። ከማሽኑ ጋር እናስተያየዋለን። የት የት እንደቆረጠ አንድ በአንድ እናወጣለን፤ አለቃም በማሽኑ ላይ ይፈርዳል፣ እትዬም ትተርፋለች።"

ለደግ ብላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል እንደሆነ እንዴት ልንገራት?

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ከግቢው ጀርባ ባዶ ካርቶኖች ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ መጽሐፉ እኔ ጋ ነው።"

"ሰማሁ።"

"አንብቤዋለሁ።"

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። "እስከ የት?"

"እስከ መጨረሻው።"

"እህ" አለች። መነጽሯን መልሳ አጠለቀችና፣ "ሐኪሙ እንዴት ነው?"

"ሐኪም የለም፣ እትዬ።"

በአፍንጫዋ ሳቀች። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ፊደሉ መጀመሪያ ጉንዳን ሆነባት፤ ጉንዳኑ ቆይቶ ጭጋግ ሆነ። "ገጽ አርባን እንደ ምንም ጨረስኩ። ገልጬ ሳይ ነጭ ነው። እናንተ ደግሞ መርፌያችሁን አንስታችሁ ትጠብቃላችሁ። ምን ልበል? 'አማቲቱ እየሳቀች ገባች' አልኩ። በማግስቱ ይገለጥልኛል ብዬ ነበር፤ አልተገለጠም። እሷም ከገባች በኋላ አልወጣ አለች።"

"የሞተችው እኮ ቀጥሎ ባለው ገጽ ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ።"

እትዬ ዞር ብላ አየችኝ። "ቀጥሎ ባለው?"

"በሳንባ ምች።"

"ነፍሷን ይማር! ታብሌቱ ላይ 'ሟች' የሚለውን እኔም እኮ ከእናንተ እኩል ነው የሰማሁት። ክው አልኩ።" እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ስንት ወር ነው ሬሳ ያስጨፈርኩት?"

"መጽሐፉን ረሳሁት ልበል?" አልኳት ሳቃችን ሲበርድ።

"እስከ መቼ? አምጪው። እኔው እናገራለሁ።"

"ቢያስወጡሽስ?"

"ቁልፍ ልተክል ብል መርፌዬ ላይ ክር የምታሾልኪልኝ አንቺ ነሽ። እናያለን።" ተነሳች። "ዓይን ሳለኝ ያነበብኩትን ያህል ዓይን ሳይኖረኝም አንብቤያለሁ። ይህን ማን ይነጥቀኛል?"

አርብ ጠዋት ሜትር መጥቶ በሩን ተደገፈ። መጽሐፉን አወጣሁ። ጠበቃ ነጥቃኝ ልትገልጥ ስትል እትዬ ከወንበሯ ላይ፣ "ገጽ አርባ አንድን አንብቢ" አለቻት።

ጠበቃ ለክርክር እንጂ ለንባብ አልተፈጠረችም። "በ-ዚ-ያው ክረምት..." እያለች ፊደል በፊደል ሄደች። "አረፉ" የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና አለች። "ምንድን ነው ይሄ?"

እትዬ ተናገረች። ምንም አላስዋበችም። ዓይኗ መቼ እንደከዳት፣ ከየትኛው ገጽ ጀምሮ ከራሷ እንዳወጣች፣ ሐኪሙን፣ ሻሹን፣ ሠርጉን፣ ሁሉንም። "ማሽኑ ምንም አልቆረጠም። እሱ እውነቱን ነው የተናገረው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።"

መጀመሪያ የሳቀችው ትንሿ ናት። ከዚያ ጠበቃ፣ "እኔ እኮ ለወረቀት ጠበቃ ቆሜ ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ ደረቀ!" ስትል ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ካውያ ብቻ አልሳቀችም። ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አቆመችው።

"እኔ ለባሌ የነገርኩት መጽሐፍ ላይ ያለ ነው ብዬ ነው" አለች። "'ተጽፎ ነው' ብዬ ምዬለታለሁ። 'እናቴን ያወቀ ሰው ነው የጻፈው' ሲለኝ ከርሟል። አሁን ገብቼ ምን ልበለው? ጓደኛዬ ታታልለን ነበር ልበለው?"

ሳቁ ቀጥ አለ።

ሜትር ጉሮሮውን ጠረገ። "ወንበሩ ለአንባቢ የተሰጠ ነው" አለ። "ለሚያነብ ሰው።"

"አሁን እኮ ታነባለች፣ አለቃ" አለች ጠበቃ። "ፊደሉ ይታያታል።"

"ያንን ማንም ያነበዋል።" ታብሌቱን አንስቶ ለትንሿ ሰጣት። "እስቲ አንብቢ።"

ትንሿ አነበበች። ፈጣን ናት፣ ስህተት የላትም፤ ግን የመድኃኒት ማዘዣ የምታነብ ነው የሚመስለው። ሁለት ገጽ ሳትሄድ አንዷ ማዛጋት ጀመረች፤ ማዛጋቱ ክፍሉን ዞረ። ሜትርም አዛጋ፣ አፉን በመለኪያው ሸፈነ። ከዚያ ወደ ካውያ ዞረ። "የተበደልሽው አንቺ ነሽ። አንቺው ፍረጂ። ትሂድ ወይስ ትቀመጥ?"

ካውያ ለረጅም ጊዜ እትዬን አየቻት። እኔ የያዝኩትን ቁልፍ ጥብቅ አድርጌ እንደያዝኩ የገባኝ መዳፌን ሲወጋኝ ነው።

"ትቀመጥ" አለች። "ግን እንዲህ ነው። ስታነቢ ያንን ነገር ፊት ለፊቴ ከፍ አድርገሽ ያዢው። ከራስሽ ስታወጪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፣ ልየው። ለባሌ የተጻፈውንና ያልተጻፈውን ለይቼ ነው የምነግረው። ዛሬ ገብቼ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።"

"እሺ፣ የኔ እናት" አለች እትዬ።

ሁላችንም ሥራችንን አነሳን። እትዬ ታብሌቱን ከፍ አድርጋ ያዘችና ካቆመችበት ቀጠለች። ባልየው ወፍጮውን ሊያስጠግን ይፈልጋል። ሚስቲቱ ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤው አልደረሰም። አራት ገጽ አነበበች፤ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልተጨመረበት። ካውያ አንድ ጋዋን ተኮሰች፣ ሁለተኛውን ተኮሰች። ሦስተኛውን እያጠፈች ሳለ፣ ቀና ሳትል፣

"አስቀምጪው" አለች።

"ምኑን?"

"ማሽኑን። አስቀምጪውና አማቲቱን አምጫት።"

"ሞታለች እኮ" አለች እትዬ። "ወረቀቱም ማሽኑም ሞታለች ነው የሚሉት። ከየት ላምጣት?"

"የሞተችው እዚያ ውስጥ ነው። እዚህ ማን ቀበራት?"

ሜትር አንድ ባዶ ቅርጫት ገልብጦ ተቀመጠበት። እትዬ መነጽር ታብሌቱን፣ ካውያ በደንብ እንድታየው አድርጋ፣ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።